አብረው የሚሄዱ ሁለት ሰንጠረዦች፦ ስክሮልን የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰንጠረዦች አሉ እንበል። የግራው የድሮውን ዝርዝር ያሳያል፣ የቀኙ አዲሱን። ተጠቃሚው የግራውን ወደ ታች ሲስበው የቀኙ ንቅንቅ አይልም። 300ኛውን ረድፍ ከ300ኛው ጋር ለማወዳደር ሁለቱንም ለየብቻ መሳብ ሊኖርበት ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይሰለቸውና ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ ማስደገፍ ይጀምራል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የአንዱን ስክሮልባር ቦታ ወስዶ ለሌላው መስጠት፣ በቃ። እውነትም ኮዱ ሁለት መስመር ነው። ቀን የሚበላው ግን ኮዱ ሳይሆን የሰንጠረዦቹ እኩል አለመሆን ነው። አንዱ ትንሽ ይረዝማል፣ የአንዱ ረድፍ ወፈር ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከታች ስክሮልባር አለው። ስለዚህ እዚህ ብዙ ቦታ የሰጠሁት ለማመሳሰሉ ሳይሆን ለማስተካከሉ ነው።

ምሳሌዎቹ መስኮትና ሰንጠረዥ ለመሥራት ከሚያገለግሉ አራት መሣሪያዎች የተወሰዱ ናቸው፦ ከጃቫ ስዊንግ፣ ከኪዩት፣ ከደብሊውፒኤፍ እና ከዊንፎርምስ። የኮዱን ንድፍ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ወደምትሠሩበት ቋንቋ መገልበጡ የደቂቃ ሥራ ነው።

## ሁለት ሰንጠረዥ የግድ ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ የጀመርኩበት ጊዜ ስላለ ነው የማስቀድመው። ብዙ ሰው ሁለት ሰንጠረዥ የሚያገናኘው የመጀመሪያው አምድ፣ ስም ወይም መለያ ቁጥር የያዘው፣ ወደ ጎን ሲሳብ እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ለዚህ ሁለት ሰንጠረዥ ላያስፈልግ ይችላል። የደብሊውፒኤፍ ሰንጠረዥ፣ ዳታግሪድ፣ ፍሮዝን ኮለም ካውንት የሚባል ቅንብር አለው። 1 ስትሉት የመጀመሪያው አምድ ባለበት ይቆያል። በዊንፎርምስ ዳታግሪድቪው ደግሞ አምዱ ራሱ ፍሮዝን የሚል ባሕርይ አለው።

ስዊንግ እንዲህ ያለ ቅንብር የለውም፤ ግን ሰንጠረዡን የሚይዘው ስክሮል ሳጥን፣ ጄስክሮልፔን፣ ሮው ሄደር የሚባል ቦታ አለው። ጥቂት አምዶች ብቻ የያዘ ሁለተኛ ጄቴብል (የስዊንግ ሰንጠረዥ) ሠርታችሁ እዚያ ስታስገቡት ወደ ታችና ወደ ላይ ከዋናው ጋር በራሱ ይሄዳል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጄቴብል መጠኑን ካልነገራችሁት ለቪውፖርት (ለሚታየው ክፍል) 450 በ400 ፒክስል ይጠይቃል። ስለዚህ ሮው ሄደሩ መስኮቱን ውጦ ቁጭ ይላል። የሚፈልገውን የቪውፖርት መጠን ከራሱ ትክክለኛ ስፋት ጋር እኩል አድርጉለት። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ዋናው ሲንቀሳቀስ ሮው ሄደሩ ይከተላል። ተጠቃሚው ሮው ሄደሩ ውስጥ ገብቶ በቀስት ቁልፍ ሲወርድ ግን ዋናው አይከተልም። የሮው ሄደሩ ቪውፖርት ላይ ቼንጅ ሊስነር (ለውጥ ሲኖር የሚጠራ ኮድ) አድርጋችሁ ቦታውን ወደ ዋናው ስክሮልባር መልሱት።

ኪዩት ላይ ዝግጁ የሆነ ቅንብር የለም። ከሰነዶቹ ጋር የሚመጣው የቆመ አምድ ምሳሌ ራሱ ሁለት ሰንጠረዥ አደራርቦ ስክሮልባሮቹን ያገናኛል። ስለዚህ ኪዩት የምትጠቀሙ ከሆነ የቀረውን ማንበብ ግድ ነው።

## ደረጃ 1፦ ምን እንደሚገናኝ ወስኑ

ለማወዳደር የተቀመጡ ሁለት ሰንጠረዦች በሁለቱም አቅጣጫ ይገናኛሉ። ከሥር የድምር ረድፍ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ ከሆነ የሚገናኙት ወደ ጎን ብቻ ነው። የቆመ አምድ ከሆነ ወደ ታች ብቻ። የማያስፈልገውን አቅጣጫ አትንኩ። ያለ ምክንያት የተገናኘ ነገር ያለ ምክንያት ይበላሻል።

## ደረጃ 2፦ አንድ መለኪያ ምረጡ

«ቦታ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሦስት መልስ አለው፦ ከላይ የሚታየው ረድፍ ቁጥር፣ ከጫፍ ያለው ርቀት በፒክስል፣ ወይም ከጠቅላላው ያለው ድርሻ።

መሣሪያዎቹ እዚህ ላይ አይስማሙም። ስዊንግ የሚያወራው በፒክስል ነው። ደብሊውፒኤፍ ዳታግሪድ ካልነካችሁት ወደ ታች የሚቆጥረው በረድፍ ነው። ከዶትኔት 4.5 ወዲህ ስክሮል ዩኒት የሚለውን ወደ ፒክስል መቀየር ይቻላል። ዊንፎርምስ ቅይጥ ነው፤ ወደ ታች በረድፍ፣ ወደ ጎን በፒክስል። ኪዩት ሁለቱንም ይችላል፤ ሳትነግሩት የሚመርጠው ግን እንደ ስታይሉ ሊለያይ ስለሚችል ራሳችሁ ንገሩት።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ ሰንጠረዥ በፒክስል፣ ሌላው በረድፍ ሲቆጥር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ 24 ፒክስል ከፍታ አለው እንበል። የግራውን አሥር ረድፍ ያህል ትስቡታላችሁ። 240 የሚል ቁጥር ይወጣል። ቀኙ ያንን ቁጥር ተቀብሎ 240ኛው ረድፍ ላይ ዘሎ ጉብ ይላል። ኮዱን ደጋግማችሁ ብታነቡት ስህተት አታገኙበትም፣ ምክንያቱም ኮዱ የተባለውን ነው ያደረገው።

የእኔ ምርጫ ለማወዳደር ከሆነ ፒክስል ነው። እንቅስቃሴው ለስላሳ ይሆናል፣ ሁለቱም ረድፎች በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። ፒክስል ግን የረድፍ ከፍታ እኩል እንዲሆን ይጠይቃል። ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚወስደንም እሱ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሁለቱን አንድ መልክ አስይዟቸው

የረድፍ ከፍታን በቁጥር ወስኑ። እንደ ይዘቱ እንዲያድግ አትልቀቁት። አንድ ሕዋስ ውስጥ ያለ ረጅም ጽሑፍ ወደ ሁለት መስመር ከተሰበረ ያ ረድፍ ከወንድሙ ይረዝማል፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። የሄደሩን (የአምዶቹን ስም የያዘውን የላይኛ ረድፍ) ከፍታም እንዲሁ። አንዱ ሄደር ባለ አንድ መስመር፣ ሌላው ባለ ሁለት መስመር ከሆነ የስክሮል ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ዓይን ግን የተዛነፈ ነው የሚያየው።

አሁን ሁለት ቀን ወደበላኝ ነገር ልምጣ።

የማወዳደሪያ መስኮት እየሠራሁ ነበር። ሁለቱ ሰንጠረዦች እኩል 500 ረድፍ አላቸው፣ ከፍታቸውም አንድ ነው። ከላይ ፍጹም ናቸው። መሐል ላይም እጅና ጓንት ናቸው። ግን መጨረሻው ረድፍ ላይ ስደርስ የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። አንድ ረድፍ እንኳ ያልሞላ ልዩነት፣ ግን ያለ ጥርጥር ልዩነት። ሊስነሩን ፈታታሁት፣ ሞዴሉን ቀያየርኩት፣ ፎንቱን ወነጀልኩት። በመጨረሻ የስክሪኑን ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ፒክስል ቆጠርኩ። 17።

17 ፒክስል በዊንዶውስ ላይ፣ ስክሪኑ በ100 በመቶ ስኬል ሲሆን፣ የስክሮልባር ውፍረት ነው። የግራው ሰንጠረዥ አምዶቹ ሰፋ ስላሉ ከታች አግድም ስክሮልባር አውጥቷል። ቀኙ አላወጣም። ስለዚህ የግራው የሚታየው ከፍታ በ17 ፒክስል አጥሯል፤ መጨረሻው ላይ ለመድረስ ደግሞ 17 ፒክስል የበለጠ መጓዝ አለበት። ቀኙ ያንን ትርፍ ጉዞ መሄድ አይችልም፣ ጫፉ ላይ ደርሷል። እስከ መሐል ድረስ ማንም አያውቅበትም። ማን እስከ መጨረሻው ረድፍ ወርዶ ይሞክራል?

መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ወይ ሁለቱም ላይ አግድም ስክሮልባር ሁልጊዜ ይታይ፣ ወይ ሁለቱም ላይ ፈጽሞ አይታይ። ስዊንግ፣ ኪዩትና ደብሊውፒኤፍ «ሁልጊዜ አሳይ» የሚል አማራጭ አላቸው። ዊንፎርምስ ዳታግሪድቪው ግን የሚያሳየው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። እዚያ ሁለቱን ሰንጠረዦች እኩል ስፋት፣ አምዶቹንም እኩል ስፋት ስጧቸው፤ ያኔ ወይ አብረው ያወጣሉ ወይ አብረው ይተዋሉ።

ከሥር የድምር ሰንጠረዥ ካላችሁ ይኸው ነገር ዞሮ ይመጣል። የላይኛው ቋሚ ስክሮልባር አለው፣ የታችኛው የለውም። ወደ ቀኝ ጫፍ ስትደርሱ የድምሩ አምድ በ17 ፒክስል ይስታል። ከድምሩ በስተቀኝ የስክሮልባሩን ያህል ባዶ ቦታ ተዉ።

## ደረጃ 4፦ አገናኙ

ሽቦው ይኸው፦

```
ግራ.ቦታ_ሲለወጥ(አዲስ):  ቀኝ.ቦታ = አዲስ
ቀኝ.ቦታ_ሲለወጥ(አዲስ):  ግራ.ቦታ = አዲስ
```

ማዳመጥ ያለባችሁ ቦታውን ነው፣ የማውሱን ጎማ አይደለም። ጎማውን የሚያዳምጥ ኮድ ብዙ አይቻለሁ። ሲሞከር ይሠራል፣ ምክንያቱም የሞከረው ሰው በጎማ ነው የሞከረው። ተጠቃሚው ግን ስክሮልባሩን ይጎትታል፣ በቀስት ቁልፍ ይወርዳል፣ ፔጅ ዳውን ይጫናል። ፍለጋ ሲያደርግ ደግሞ ኮዳችሁ ራሱ ወደተገኘው ረድፍ ይዘላል። እነዚህ ሁሉ በመጨረሻ አንድ ነገር ነው የሚለውጡት፤ የስክሮልባሩን ቦታ። እዚያ ጠብቁ።

## ደረጃ 5፦ ዙሩን ቁረጡ

ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ካልተጠነቀቁ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ናቸው። ግራ ቀኙን ይነግረዋል፣ ቀኝ መልሶ ግራውን፣ ግራ እንደገና ቀኙን። ብዙ ሰው ይህን የሚቆርጠው በፍላግ ነው፦ «እየሠራሁ ነው» የሚል እውነት ወይም ሐሰት ያስቀምጣል፣ ቦታውን ይለውጣል፣ ፍላጉን ያወርዳል።

ስዊንግና ኪዩት ላይ ይህ ይሠራል፣ ለውጡ ወዲያው ስለሚሆን። ደብሊውፒኤፍ ላይ ግን ጉድ ይሠራችኋል። እዚያ ስክሮል ቱ ቨርቲካል ኦፍሴት ስትጠሩ ትእዛዙ ተራ ይይዛል እንጂ ወዲያው አይፈጸምም። ለውጡን የሚያሳውቀው መልእክት፣ የስክሮል ቼንጅድ ኢቨንቱ፣ የሚመጣው ሌይአውቱ (የመስኮቱ አቀማመጥ) ከተሠራ በኋላ ነው። ፍላጋችሁ ያን ጊዜ ወርዷል። ጠባቂው ሄዶ እንግዳው የመጣ ያህል ነው።

እኔ የምመርጠው ቁጥሩን ራሱን ማወዳደር ነው፦

```
ቦታ_ሲለወጥ(አዲስ):
    ልዩነት = |ሌላው.ቦታ − አዲስ|
    ልዩነት < 0.5 ከሆነ: ተመለስ
    ሌላው.ቦታ = አዲስ
```

ሌላው ቀድሞ እዚያ ካለ አትንኩት። ጊዜ ላይ አይመረኮዝም፣ ዘግይቶ የመጣ ኢቨንትም አያታልለውም። 0.5 ያልኩት ደብሊውፒኤፍ ላይ ቦታው የነጥብ ቁጥር ስለሆነ ነው። ሙሉ ቁጥር ባለበት እኩልነትን ማየት ይበቃል።

## በየመሣሪያው

ስዊንግ። እዚህ ነገሩ ያምራል። እያንዳንዱ ጄስክሮልባር ከኋላው ባውንድድ ሬንጅ ሞዴል የሚባል አለው። አራት ቁጥር ነው የሚይዘው፦ ትንሹን፣ ትልቁን፣ የአሁኑን ቦታና በአንዴ የሚታየውን ርዝመት። የግራውን ሞዴል ለቀኙ መስጠት ትችላላችሁ፦

```
ቀኝ.ቋሚ_ስክሮልባር.ሞዴል = ግራ.ቋሚ_ስክሮልባር.ሞዴል
```

ሊስነር የለ፣ ዙር የለ። አንድ ቁጥር ለሁለት። ግን እያንዳንዱ ጄስክሮልፔን የራሱን ሰንጠረዥ ርዝመት እዚያው ሞዴል ላይ ይጽፋል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንዱ 12000 ይላል፣ ሌላው 9600 ይላል፣ ገመድ ጉተታ ይጀመራል። ስለዚህ ይህን ዘዴ ደረጃ 3ን ከጨረሳችሁ ብቻ ተጠቀሙበት። ካልሆነ በሞዴሎቹ ላይ ሁለት ቼንጅ ሊስነር ማድረግ ይሻላል።

ኪዩት። የአንዱን ስክሮልባር ቫሊው ቼንጅድ ሲግናል (የለውጥ ማሳወቂያ) ከሌላው ሴት ቫሊው ጋር ታገናኛላችሁ፤ ከዚያ በተቃራኒው። ለሁለት አቅጣጫ አራት መስመር ነው። ሴት ቫሊው ያለውን ቁጥር ደግሞ ብትሰጡት ሲግናል ስለማያወጣ ዙሩ በራሱ ይቆማል። የስክሮል ሞዱን በሁለቱም ላይ ስክሮል ፐር ፒክስል ማድረግ እንዳትረሱ።

ደብሊውፒኤፍ። ዳታግሪዱ ውስጥ ያለውን ስክሮልቪወር (ስክሮሉን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል) ማግኘት አለባችሁ። እሱ የሚኖረው ቴምፕሌቱ (የመልኩ ንድፍ) ከተተገበረ በኋላ ስለሆነ መስኮቱ ገና ሳይጫን ብትፈልጉት ባዶ ነው የምታገኙት። ሎድድ ኢቨንት ላይ ፈልጉት። ሌላ ወጥመድም አለ፦ ስክሮል ቼንጅድ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ኢቨንት ነው። ተጠቃሚው ሕዋስ ሊያርም ሲገባ የሚከፈተው ቴክስትቦክስ የራሱ ትንሽ ስክሮልቪወር አለው። በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ጠቋሚውን ሲያንቀሳቅስ የእሱም ኢቨንት ወጥቶ ሰንጠረዡ ላይ ይደርሳል፣ ቀኙ ሰንጠረዥ ደግሞ «ወደ ዜሮ ሂድ» የተባለ ይመስለዋል። ኢቨንቱ መጀመሪያ ከየት እንደተነሳ እዩና ከዋናው ስክሮልቪወር ካልሆነ ጣሉት።

ዊንፎርምስ። ስክሮል ኢቨንቱ ላይ አቅጣጫውን አይታችሁ፣ ወደ ታች ከሆነ ፈርስት ዲስፕሌይድ ስክሮሊንግ ሮው ኢንዴክስን፣ ወደ ጎን ከሆነ ሆሪዞንታል ስክሮሊንግ ኦፍሴትን ወደ ሌላው ትቀዳላችሁ። የመጀመሪያው ነጭናጫ ነው። ሰንጠረዡ ባዶ ሲሆን −1 ይመልሳል። ያንን −1 ለሌላው ከሰጣችሁት ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል። ከረድፉ ብዛት በላይ ብትሰጡትም ይወረውራል፤ የተደበቀ ረድፍ ብትሰጡትም እንዲሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን መርምሩ።

## ርዝመታቸው እኩል ካልሆነስ?

እዚህ ላይ የማይረሳኝን ባግ (የኮድ ስህተት) ልንገራችሁ። ኪዩት ላይ ሁለቱን በሁለት አቅጣጫ አገናኝታችኋል። የግራው እስከ 100 ይሄዳል፣ የቀኙ እስከ 50 ብቻ። የግራውን በቀስት ቁልፍ አንድ በአንድ ብታወርዱት ምንም ችግር የለም፤ ቀኙ 50 ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ግራው ይቀጥላል። አሁን ስክሮልባሩን ይዛችሁ ከ40 ወደ 70 ፈጠን አድርጋችሁ ጎትቱት። ግራው ወደ 50 ተስፈንጥሮ ይመለሳል።

ምን ሆነ? ግራው ለቀኙ «70» አለው። ቀኙ 70 የለውም፣ 50 ላይ ቆመ። ግን ከ40 ወደ 50 ስለተለወጠ «50 ሆኛለሁ» ብሎ ሲግናል አወጣ። ግራው ታዘዘ። አንድ በአንድ ስትወርዱ ይህ የማይታየው 51 ሲባል ቀኙ ቀድሞ 50 ላይ ስላለ ዝም ስለሚል ነው። ቀስ ሲሉ የሚሠራ፣ ሲፈጥኑ የሚበላሽ፤ ለሞካሪ ከዚህ የከፋ የለም። ደረጃ 5 ላይ ያለው ማወዳደሪያም ከዚህ አያድንም።

መውጫው ሦስት ነው። ለማወዳደሪያ መስኮት ምርጡ አጭሩን በባዶ ረድፎች መሙላት ነው። እንዲያውም ባዶው መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን ረድፉ በጎደለበት ቦታ ላይ ቢገባ ይመረጣል፤ ያኔ ተመሳሳይ ረድፎች ፊት ለፊት ይውላሉ፣ ርዝመቱም በራሱ እኩል ይሆናል።

መሙላት የማይቻል ከሆነ መሪ ምረጡ። ተጠቃሚው መጨረሻ የነካው ሰንጠረዥ፣ በማውስም ይሁን በኪቦርድ፣ መሪ ነው። የሚናገረው መሪው ብቻ፣ ተከታዩ ይሰማል እንጂ አይመልስም፦

```
ቦታ_ሲለወጥ(ማን, አዲስ):
    ማን ≠ መሪ ከሆነ: ተመለስ
    ሌላው.ቦታ = አዲስ
```

ሦስተኛው በድርሻ መሄድ ነው፤ ግራው ግማሽ ሲደርስ ቀኙም ግማሽ። ረድፎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ሲሆኑ ብቻ ትርጉም ይሰጣል። በስሌቱ ላይ ተጠንቀቁ። ስዊንግ ላይ ቦታው የሚደርሰው እስከ ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ትልቁ ሲቀነስ የሚታየው ርዝመት ድረስ ነው። ኪዩት ግን ማክሲመም ሲል የሚታየውን ቀድሞ ቀንሶ ነው። ሁሉም ረድፍ ስክሪኑ ላይ ሲበቃ ደግሞ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል፣ ያንን ቀድማችሁ ያዙ። ድርሻን ያለ መሪ በሁለት አቅጣጫ አትሞክሩት። ክፍልፋዩ ሲጣል 7 ከ100 ወደ 30 ሲቀየር 2 ይሆናል፣ 2 ሲመለስ 6። ተጠቃሚው እጁን ሳያነሳ ሰንጠረዡ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

## አምዶቹም አብረው ይስፉ

ወደ ጎን ካገናኛችሁ፣ ተጠቃሚው አንዱን አምድ ሲያሰፋ ሌላውም መስፋት አለበት። ስዊንግ ላይ አንዱን የአምድ ሞዴል ለሁለቱም ስጡ፣ ስፋቱም ቅደም ተከተሉም ይጋራል። አውቶ ክሪኤት ኮለምስ የሚለውን ግን አጥፉት፤ አለዚያ ዳታ በቀየራችሁ ቁጥር አምዶቹ እንደ አዲስ ይፈጠራሉ። ኪዩት ላይ የሄደሩን ሴክሽን ሪሳይዝድ፣ ዊንፎርምስ ላይ ኮለም ዊድዝ ቼንጅድን ያዙ። መደርደርን በተመለከተ፣ ዳታው ራሱ ይደርደር እንጂ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ በየራሱ አይደርድር።

## ዳታው ዘግይቶ ሲመጣ

የግራው ዳታ ደርሶ ተጠቃሚው 200ኛው ረድፍ ላይ ነው። ቀኙ ገና እየጫነ ነው፣ ርዝመቱ ዜሮ ነው። «200» ሲባል ዜሮ ላይ ይቆማል። ዳታው ሲመጣ የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ የሰንጠረዡ ርዝመት ሲለወጥም አዳምጡ፣ ኪዩት ላይ ሬንጅ ቼንጅድ ነው፣ የመሪውን ቦታ ያኔ ድጋሚ ስጡት።

## ስትሞክሩ

ስክሮልባሩን ይዛችሁ ባንዴ ወደ ታች ጫፍ ጎትቱ። የመጨረሻው ረድፍ እኩል መስመር ላይ ነው? ከቁልፍ ሰሌዳው ኮንትሮል ኤንድ ተጫኑ። መስኮቱን አጥብቡት፣ አግድም ስክሮልባሩ ይውጣ፣ እንደገና ወደ ጫፍ ሂዱ። አንዱን ሰንጠረዥ ባዶ አድርጉና ሌላውን ሳቡ። ረጅም ጽሑፍ ያለበት ሕዋስ ከፍታችሁ አርሙ፣ ጠቋሚውን ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ዓይናችሁን ግን ሌላኛው ሰንጠረዥ ላይ አድርጉ። ከዚያ የስክሪኑን ስኬል ወደ 150 በመቶ ቀይራችሁ ሁሉንም ከመጀመሪያው ድገሙት። 17 ብላችሁ በቁጥር የጻፋችሁት ቦታ ካለ እዚህ ጋ ይጋለጣል፤ የስክሮልባሩን ውፍረት ሁልጊዜ ከሲስተሙ ጠይቁ።